የአፈር ስምና የአፍ ስም፦ የጣሊያን ወይን ጠጅ አሰያየም አጭር ታሪክ

መግቢያ

ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ አንሥቶ ለቱኒዝያ ጠረፍ እስከምትቀርበው እስከ ፓንተሌሪያ ደሴት ድረስ ወይን የማይተከልበት የጣሊያን ምድር ጥቂት ነው። የአገሪቱ ሃያ ክልሎች ሁሉም ወይን ጠጅ ያመርታሉ። በመንግሥት መዝገብ የሠፈሩት የወይን ዝርያዎች ከ500 በላይ ናቸው፤ ከአንድ የተወሰነ ቦታ ጋር ተያይዘው የሕግ ጥበቃ ያገኙት የወይን ጠጅ ስሞችም እንዲሁ ከ500 ይበልጣሉ። ይህ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ የሚተነተነው በተፈጥሮ ነው። ተራራውና ባሕሩ፣ ኖራማው አፈርና የእሳተ ገሞራው ዐመድ፣ የሰሜኑ ጉምና የደቡቡ ሐሩር እንደ ምክንያት ይዘረዘራሉ። ትንታኔው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። አፈርና አየር ልዩነትን ይፈጥራሉ። የተፈጠረውን ልዩነት ለይቶ የሚያቆየው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚያሻግረውና በገበያ ዋጋ የሚያሰጠው ግን ስም ነው።

ይህ ጽሑፍ የጣሊያንን ወይን ጠጅ ልዩ ልዩነት ከስም ታሪክ አንጻር ይመረምራል። ዋና ሐሳቡ የሚከተለው ነው። በጣሊያን ሁለት ዓይነት ስሞች ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ገበሬው ለተክሉ የሰጠው፣ በየቀበሌኛው የሚለዋወጠው የአፍ ስም ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሳፍንት፣ ነጋዴዎችና በኋላም መንግሥት በወሰንና በዐዋጅ ያጸኑት የአፈር ስም ነው። የመጀመሪያው ዝርያዎቹን ከጥፋት ጠበቀ፤ ሁለተኛው የአምራቾቹን ገቢ ጠበቀ። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ የተሸነፈው ብዙውን ጊዜ የአፍ ስም ነው፤ ከዚያም ጋር ስሙን ይናገር የነበረው ማኅበረሰብ በገዛ ቃሉ የመጠቀም መብቱን አጥቷል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃሉና እንስራው

ወይን የሚለው ቃል ራሱ ከማንኛውም የወይን ጠጅ የበለጠ ተጉዟል። የግእዙና የአማርኛው «ወይን»፣ የዕብራይስጡ «ያይን»፣ የጥንቱ ግሪክኛ «ዎይኖስ»፣ የላቲኑ «ዊኑም» እርስ በርስ የሚዛመዱ መሆናቸውን ሊቃውንቱ ይቀበላሉ፤ ቃሉ መጀመሪያ ከየትኛው ቋንቋ ወደ የትኛው እንደ ተሻገረ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የሚያከራክር ያልሆነው ነገር ቃሉ የተጓዘው ከተክሉና ከዕቃው ጋር መሆኑ ነው። ግሪኮች በደቡብ ጣሊያን በሠፈሩ ጊዜ የዛሬዎቹን የካላብርያንና የባዚሊካታን አካባቢ ኦይኖትሪያ ብለው ጠርተውታል፤ ስሙ ብዙውን ጊዜ ከወይን ጋር ተያይዞ ይፈታል።

ሮማውያን የወይን ጠጅን በስም መለየትን ወደ ሥርዓት አሳደጉት። ወይን ጠጁ በሚጓጓዝባቸው ባለ ሁለት ጆሮ እንስራዎች ላይ የመጣበትን አገርና የዓመቱን ቆንስሎች ስም በቀለም ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ከ2000 ዓመት በፊት አንድ ገዥ ቦታውንና ዓመቱን ከእንስራው ላይ ማንበብ ይችል ነበር። ሉክዩስ ኦፒምዩስ ቆንስል በነበረበት በ121 ዓመተ ዓለም የተጠመቀው ወይን ጠጅ በዚሁ ሹም ስም እየተጠራ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ዝናው ቆይቷል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ ፕሊንዩስ «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው ሥራው 14ኛ መጽሐፍ የወይን ዝርያዎችንና የወይን ጠጆችን በየአገራቸው ዘርዝሯል። በካምፓኒያ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘውን የፋሌርኑም ወይን ጠጅ ሲጠቅስም አንዳንዶች በሦስት እንደሚከፍሉት ይናገራል፤ ከኮረብታው አናት፣ ከወገቡና ከግርጌው የሚገኘው እያንዳንዱ የየራሱ ስም ነበረው። አንድ ኮረብታ ሦስት ስም መያዙ የሚያሳየው የቦታ ስም ገና በዚያን ጊዜ የጥራት ደረጃ መለኪያ መሆን መጀመሩን ነው።

ይህ ንግድ እስከ ቀይ ባሕር ደርሷል። በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተሰኘው የነጋዴዎች መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የጣሊያንን ወይን ጠጅ ይጠቅሳል፤ መጠኑ ብዙ እንዳልነበረም ያክላል። የጣሊያን ወይን ጠጅ ከአክሱም መንግሥት ጋር የተዋወቀው እንግዲህ የአገሩን ስም ይዞ ነው።

2. ሞክሼ ወይኖች

የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ የረጅም ርቀት ንግዱ ተዳከመ፤ ባሕረ ገቡ መሬትም በብዙ መንግሥታት፣ ከተሞችና ርስቶች ተከፋፈለ። ላቲን በየሸለቆው እየተለወጠ ብዙ ቀበሌኛዎችና ቋንቋዎች ሲወልድ የወይን ስሞችም አብረው ተለወጡ። በዚህ ዘመን የተፈጠረው አሰያየም ለቋንቋ ተመራማሪ በሁለት በኩል አስቸጋሪ ነው። አንድ ዝርያ ብዙ ስም አለው፤ አንድ ስምም ብዙ ዝርያ ይሸፍናል።

ለመጀመሪያው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በፒየሞንቴ ክልል ኔቢዮሎ የሚባለው ዝርያ ነው። ስሙን ብዙዎች ከጉም ጋር ያያይዙታል፤ ወይኑ በሚደርስበት የመከር ወራት የላንጌ ኮረብቶች በጉም ይሸፈናሉና። ይኸው ተክል በዚያው በፒየሞንቴ ሰሜናዊ ክፍል ስፓና፣ በሎምባርዲያ በቫልቴሊና ሸለቆ ኪያቬናስካ፣ በቫሌ ዳኦስታ ደግሞ ፒኮቴንድሮ ይባላል። ሳንጆቬዜም እንዲሁ በሞንታልቺኖ ብሩኔሎ፣ በሞንቴፑልቻኖ ፕሩኞሎ ጀንቲሌ፣ በስካንሳኖ ሞሬሊኖ ነው። እነዚህ ስሞች ባዶ ድምፆች አይደሉም። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ከተክሉ ጋር ባሳለፈው ዘመን የመረጠው ቅርንጫፍ፣ የለመደው አቆራረጥና የሚጠብቀው ጣዕም በስሙ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ችግር በአማርኛ «ሞክሼ» ከምንለው ጋር የሚመሳሰል ነው። ቬርናቻ የሚለውን ስም በቶስካና የሳን ጂሚኛኖ ነጭ ወይን፣ በሰርዲኒያ የኦሪስታኖ ሌላ ነጭ ወይን፣ በማርኬ ክልል የሴራፔትሮና ቀይ ወይን ይጋሩታል፤ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ስሙን አንዳንድ አጥኚዎች «የአገር ተወላጅ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ያወጡታል። ይህ ትክክል ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ወይን «የእኛው» ብሎ ጠራ፣ «የእኛው» ግን በየቦታው ሌላ ነበር። ማልቫዚያ የሚለው ስም ደግሞ የመጣው በግሪክ ፔሎፖኔዝ ከምትገኘው ከሞኔምቫስያ ወደብ ነው። የቬኒስ ነጋዴዎች ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚያመጡት ጣፋጭ ወይን ጠጅ በዚህ ስም ስለ ታወቀ፣ ዛሬ በጣሊያን እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ በርካታ ዝርያዎች ማልቫዚያ ይባላሉ። ሌላው የታወቀ ሞክሼ ሞንቴፑልቻኖ ነው። በቶስካና የከተማ ስም ሲሆን የከተማይቱ ወይን ጠጅ በዋናነት የሚጠመቀው ከሳንጆቬዜ ነው፤ በአብሩዞ ግን የሌላ ዝርያ ስም ነው። ሁለቱን ያምታታ ገዥ በሁለት የተለያዩ ወይኖች መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም።

ገላጭ ስሞችም ብዙ ናቸው። በካምፓኒያ «የቀበሮ ጅራት» የሚል ትርጉም ያለው ኮዳ ዲ ቮልፔ የዘለላውን ቅርጽ ይነግራል፤ ፒዬዲሮሶ፣ ማለትም «ቀይ እግር»፣ የዘለላውን ዘንግ ቀለም፤ በሮማኛ «ዕዳ ከፋይ» የሚባለው ፓጋዴቢት በክፉ ዓመት እንኳ ፍሬ የማይነፍግ መሆኑን። በወሎ ማሽላን «ወተት በጉንጬ» ብሎ የሰየመ ገበሬ ይህን የአሰያየም መንገድ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በሁለቱም ዘንድ ስሙ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን አጭር የእርሻ ትምህርት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለዚህ ቀጠና አንባቢ የሚቀርበው ግን የፓንተሌሪያው ዚቢቦ ነው። ዝርያው በሌላ ስሙ የእስክንድርያ ሙስካት ይባላል። ዚቢቦ የተባለው «ዘቢብ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ አማርኛም ለደረቀ ወይን የሚጠቀምበት ይህንኑ ቃል ነው። ነፋስ በሚበረታበት በዚያ ደሴት ገበሬው እያንዳንዱን ተክል በጉድጓድ ውስጥ አጭር አድርጎ ያሳድጋል፤ ይህ አተካከል በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ደሴቲቱ በሙስሊም አስተዳደር ሥር የነበረችበት ዘመን ካለፈ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የአፍ ስሙ ግን አሁንም ይናገራል።

3. የመስፍኑ ዐዋጅና የባሮኑ ደብዳቤ

የአፈር ስም በወሰን ታጥሮ በሕግ የጸናበት የታወቀው ቀዳሚ ምሳሌ በመስከረም 1716 የቶስካና ታላቅ መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ ዴ ሜዲቺ ያወጣው ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ ኪያንቲ፣ ፖሚኖ፣ ካርሚኛኖና ላይኛው ቫል ዳርኖ የተባሉትን አራት የወይን ጠጅ አገሮች ወሰን ከነምልክቱ ዘረዘረ። ከእነዚህ ወሰኖች ውጭ የተመረተውን በእነዚህ ስሞች መሸጥን ከለከለ፤ ወደ ውጭ የሚላከውንም በቁጥጥር ሥር አደረገ። መነሻው የመስፍኑ ፍቅረ ወይን ብቻ አልነበረም። የቶስካና ወይን ጠጅ በባሕር ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ይላክ ስለ ነበር፣ በማጭበርበር የሚጠፋው ስም የግዛቱን ገቢ ይዞ ይጠፋ ነበር።

ዐዋጁ ቦታውን ወሰነ እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደሚገባ አልወሰነም። ይህን ጉዳይ ያነሣው የብሮሊዮ ጌታ ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ ነው። ሪካሶሊ የተዋሐደችው ጣሊያን ሁለተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረ። በርስቱ ላይ ለዓመታት ሙከራ ካደረገ በኋላ በ1872 ለፒዛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለቼዛሬ ስቱድያቲ በጻፈው ደብዳቤ የኪያንቲን ቅንብር አብራራ። ሳንጆቬቶ መዓዛና ኃይል ይሰጣል፤ ካናዮሎ የፊተኛውን ሻካራነት ያለዝባል፤ ማልቫዚያ ቶሎ ለሚጠጣ ወይን ጠጅ ይጠቅማል፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጠው ግን ባይጨመር ይሻላል። ይህ የአንድ ባለርስት ምክር ነበረ፤ ከዘጠና ዓመታት በኋላ፣ ያውም ጥንቃቄው ተረስቶ፣ የሕግ መሠረት እንደሚሆን የገመተ አልነበረም።

4. አንድ መንግሥት፣ ብዙ አንደበት

ጣሊያን በ1861 ስትዋሐድ የጋራ ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነበር። የቋንቋ ሊቁ ቱልዮ ደ ማውሮ በ1963 ባሳተመው የተዋሐደችው ጣሊያን የቋንቋ ታሪክ ላይ ቁጥሩን 2.5 በመቶ ገደማ ብሎ ገምቶታል፤ ሌሎች ሊቃውንት በኋላ ከፍ አድርገውታል፣ ግን ወደ አሥር በመቶ ቢጠጋ ነው። አዲሱ መንግሥት በወይኑ በኩል የገጠመው ችግርም ይኸው ነበር። ግብር ለማስላት፣ ተክል ለማሻሻልና ለውጭ ገበያ ለማቅረብ የሞከረ ሹም በሁለት አጎራባች ወረዳዎች ያሉ ሁለት ስሞች አንድ ተክል ይሁኑ ሁለት ማወቅ አይችልም ነበር።

ስለዚህ የወይን ዝርያዎችን የሚያጠና ማዕከላዊ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በየአውራጃው ያሉ ዐዋቂዎችም ቅጠሉን፣ ዘለላውንና የአካባቢውን መጠሪያ እየመዘገቡ ላኩ። የፒየሞንቴው ባለርስት ጁዜፔ ዲ ሮቫዜንዳ በ1877 ያሳተመው የዝርያ መድበል በዚህ መንፈስ የተዘጋጀ ነው። በ1876 ደግሞ በቬኔቶ ክልል በኮኔልያኖ ከተማ የወይን እርሻና የጠመቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እነዚህ መዝገቦች ለእርሻ ተብለው የተጻፉ ቢሆኑም፣ በውስጣቸው ያለው የቀበሌኛ ቃል ብዛት መዝገበ ቃላት ያደርጋቸዋል።

ሥራው ሳይጠናቀቅ መቅሠፍት መጣ። ሥር እየመጠጠች ተክሉን የምታደርቀው ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት በ1879 በሎምባርዲያ ታየች፤ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት አገሩን አዳረሰች። መድኃኒቱ የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ በሽታውን በሚችለው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጣብቆ እንደ ገና መትከል ነበር። እንደ ገና የሚተክል ሰው ደግሞ ይመርጣል፤ ብዙ የሚያፈራውንና ገበያ የሚያውቀውን ያስቀድማል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ብቻ የሚያውቋቸው ብዙ ዝርያዎች በዚህ ጊዜ ከነስማቸው ጠፉ።

በደቡብ ሌላ ዓይነት የስም መጥፋት ነበር። የፑልያና የሲሲሊ ጠንካራ ቀይ ወይን ጠጅ በበርሜል እየተጫነ ወደ ሰሜን ጣሊያንና ወደ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር፤ እዚያም ቀለምና ጉልበት ለሌለው ወይን ጠጅ መቀላቀያ ሆኖ በሌላ ስም ይጠጣ ነበር። ፊሎክሴራ የፈረንሳይን እርሻ በመታች ጊዜ ፍላጎቱ ጨምሮ ፑልያ በወይን ተሸፈነች። በ1888 በሁለቱ አገሮች መካከል የቀረጥ ጦርነት ሲነሣ ግን ገበያው ተዘጋ። የራሱ ስም የሌለው ወይን ጠጅ ሌላ ገዥ በስሙ ሊፈልገው አይችልምና የደቡብ ገበሬ ክፉኛ ተጎዳ። ስም በንግድ ውስጥ ጌጥ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ጥቂት ነው።

5. የ1963 ሕግና ያልታሰበው ውጤት

በኪያንቲ የስሙ ክርክር አልቆመም። ስሙ በዋጋ እየከበረ ሲሄድ ከጥንቱ ወሰን ውጭ ያሉ አምራቾችም ተጠቀሙበት። የጥንቱ አካባቢ አምራቾች በ1924 በጥቁር አውራ ዶሮ ምልክት የሚታወቀውን ማኅበራቸውን አቋቋሙ። በ1932 ግን መንግሥት የኪያንቲን ስም ለሰፊው የመካከለኛ ቶስካና አካባቢ ፈቀደ፤ የጥንቱ ምድር «ክላሲኮ» በሚል ቅጽል ብቻ እንዲለይ ሆነ። የኮዚሞ ወሰን የቅጽል ያህል ቀረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገጠሩ ራሱ ተለወጠ። በመካከለኛው ጣሊያን ለዘመናት የቆየው፣ በኢትዮጵያ «የእኩል» ከሚባለው ጋር የሚመሳሰለው ምርትን ከባለመሬቱ ጋር በግማሽ የመካፈል ሥርዓት ነበር። አራሹ በአንድ ማሳ ላይ እህል፣ ወይራና በዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ወይን አቀላቅሎ ያለማ ነበር። ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ሲፈልስ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በ1964 የወጣ ሕግም አዲስ የእኩል ውል መዋዋልን ከለከለ። በቅልቅሉ እርሻ ፈንታ ለትራክተር የተመቸ፣ በረድፍ የተተከለ ወይን ተተካ።

በሐምሌ 1963 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ቁጥር 930 የመጣው በዚህ መካከል ነው። ደ ማውሮ የቋንቋውን ታሪክ ባሳተመበት በዚያው ዓመት መንግሥት የወይን ጠጁን ስሞች በአንድ ሥርዓት ሊያስገባ ተነሣ። ድንጋጌው «በቁጥጥር የተረጋገጠ የምንጭ ስያሜ» የሚለውን ደረጃ አቋቋመ፤ ከእርሱም በላይ ዋስትና የሚጨመርበትን አስቀመጠ። ለእያንዳንዱ ስም የቦታው ወሰን፣ የተፈቀዱት ዝርያዎችና የምርቱ ጣሪያ በደንብ ተጻፈ። በ1966 የመጀመሪያዎቹ ስሞች ሲታወጁ የሳን ጂሚኛኖ ቬርናቻ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበረ። በ1980 ባሮሎ፣ ባርባሬስኮ፣ የሞንታልቺኖ ብሩኔሎና የሞንቴፑልቻኖ ኖቢሌ የዋስትናውን ደረጃ አገኙ።

ሕጉ ብዙ ስሞችን ከማጭበርበር አዳነ። ሆኖም ልማድን ወደ ደንብ ሲለውጥ ልማዱ የነበረውን መተጣጠፍ አሳጣው። በ1967 የጸናው የኪያንቲ ደንብ ነጭ ወይን ከ10 እስከ 30 በመቶ እንዲቀላቀል አስገደደ። ሪካሶሊ ለቶሎ መጠጫ ብቻ ያለው ለሁሉም ግዴታ ሆነ፤ ውጤቱም የሳሳ ወይን ጠጅ ነበር። በቶስካና ጠረፍ በቦልጌሪ ማሪዮ ኢንቺዛ ዴላ ሮኬታ የፈረንሳይ ዝርያ የሆነውን ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ ነበር። ከዚያ የተገኘው፣ ድንጋያማነትን በሚገልጽ የቦታ ስም የተጠራው ሳሲካያ ከ1968 ምርት ጀምሮ ለገበያ ቀረበ። የአንቲኖሪ ቤትም በኪያንቲ ምድር ቲኛኔሎን ከደንቡ ውጭ አዘጋጀ። ሁለቱም በዓለም ገበያ ከብዙ ባለማዕረግ ስሞች በላይ ሲሸጡ፣ በአገራቸው ሕግ ግን ዝቅተኛው «የገበታ ወይን ጠጅ» ነበሩ። ሕጉ የቦታን ስም ሲያከብር አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ቦታ ዝም አሰኘ።

በ1986 ደግሞ የሜታኖል አልኮል የተጨመረበት ርካሽ ወይን ጠጅ በጣሊያን ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ። ወይን ጠጁን ያበከሉት ሰዎች የአልኮሉን ኃይል በርካሽ ለማሳደግ የሞከሩ ነበሩ፤ የተጎዳው ግን የአገሪቱ አምራች ሁሉ ስም ነው። በ1992 የወጣው ሕግ ቁጥር 164 ደረጃዎቹን እንደ ገና አደራጅቶ ሰፋ ያለ አካባቢን የሚያመለክት መካከለኛ ደረጃ ፈጠረ። ሳሲካያ በ1994 በቦልጌሪ ስያሜ ውስጥ የራሱን ስፍራ አገኘ። በኪያንቲ ክላሲኮም ነጩ ወይን መጀመሪያ ግዴታነቱ ቀረ፣ ከ2006 ምርት ጀምሮ ደግሞ ጨርሶ ተከለከለ። በእነዚሁ ዓመታት በየመንደሩ አንደበት ብቻ ተርፈው የነበሩ እንደ ፔኮሪኖና ቲሞራሶ ያሉ ዝርያዎች እንደ ገና ተተከሉ፤ የሚተክላቸው ሰው ሊያገኛቸው የቻለው ሽማግሌዎቹ በስማቸው ስላወቋቸው ነው።

6. የተነጠቀ ስም፣ የተሸጋገረ ስም

የሁለቱ ስሞች ግጭት በግልጽ የታየው በሰሜን ምሥራቅ፣ በፍሪዩሊ ነው። የዚያ አገር ገበሬ ለብዙ ትውልድ ቶካይ የሚለው ነጭ ወይን ነበረው፤ በየመጠጥ ቤቱም የዕለት መጠጥ ነበረ። በሃንጋሪ ደግሞ ቶካይ በጣፋጭ ወይን ጠጁ የታወቀ አገር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የስሙ ድምፅ እንጂ ዝርያውም ጣዕሙም አይደለም። በ1993 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ከሃንጋሪ ጋር በተዋዋለው ስምምነት መሠረት የጣሊያኑ ስም ለተወሰነ የመሸጋገሪያ ጊዜ ብቻ ተፈቀደ። ጉዳዩ በግንቦት 2005 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተወሰነ፤ የመሸጋገሪያውም ጊዜ በመጋቢት 2007 አበቃ።

የፍርዱ አመክንዮ ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው። የሃንጋሪው ቶካይ የቦታ ስም ስለሆነ መልክዓ ምድራዊ አመላካች ነው፤ የፍሪዩሊው ግን የተክል ስም ብቻ ነው። የአፈር ስም ጥበቃ ይገባዋል፤ የአፍ ስም አይገባውም። ወይን ጠጁ ዛሬ በጠርሙሱ ላይ ፍሪዩላኖ ይባላል። ተክሉ አልተነቀለም፣ ጣዕሙም አልተለወጠም፤ የተከለከለው አያት ለልጅ ልጅ ያስተማረችውን ቃል በገበያ መጻፍ ነው።

የፕሮሴኮ አምራቾች ከዚህ ተማሩ። ፕሮሴኮ በትርየስተ ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ስም ቢሆንም፣ በቬኔቶ ኮረብቶች የሚታወቀው እንደ ወይን ዝርያ ስም ነበር። የዝርያ ስም ሆኖ ቢቀር በየትኛውም አገር ያለ ገበሬ ተክሉን ተክሎ በስሙ ሊሸጥ ይችል ነበር። በ2009 የተወሰደው እርምጃ ስሙን ከአፍ ወደ አፈር ማሸጋገር ነው። ዝርያው ግሌራ የሚል ሌላ መጠሪያ ተሰጠው፤ ፕሮሴኮ የሚለው ስም ግን ያችን መንደር ጨምሮ በቬኔቶና በፍሪዩሊ ቬኔዚያ ጁልያ ክልሎች ያሉ ዘጠኝ አውራጃዎችን የሚሸፍን የቦታ ስያሜ ሆነ። ብልሃቱ ተሳካ። ነገር ግን ዋጋ ነበረው፤ የቫልዶቢያዴኔ ገበሬ አባቱ ፕሮሴኮ ያለውን ተክል በወረቀት ላይ በሌላ ስም መጥራት ግድ ሆነበት። ክሮኤሽያም ፕሮሼክ ለተባለው የዳልማሲያ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ዕውቅና በጠየቀች ጊዜ፣ በ2021 ተቃውሞውን ያሰማችው ጣሊያን ነበረች። ትናንት በቶካይ ምክንያት የአፍ ስሟን የተነጠቀች አገር ዛሬ በአፈር ስም ሌላውን ትከስሳለች።

መደምደሚያ

የቶካይ ክርክር በፍርድ ቤት በተቋጨባቸውና በሥራ ላይ በዋለባቸው በ2005ና በ2007 መካከል ኢትዮጵያም በስም ጉዳይ ተከራክራለች። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበረው አለመግባባትም በሰኔ 2007 በስምምነት ተፈታ። የተመረጠው መንገድ ከጣሊያኑ የተለየ ነበር። በጣሊያን ወሰኑን፣ ዝርያውንና ምርቱን እየተቆጣጠረ ስሙን የሚያስጠብቅ ማኅበርና ተቆጣጣሪ አለ። ቡናውን የሚያመርቱት ግን በጥቃቅን ማሳ ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ናቸው፤ እያንዳንዱን ከረጢት ከምንጩ የሚያረጋግጥ ቁጥጥር ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ ስሙን መንግሥት በአደራ ያዘው።

የትኛው መንገድ ይሻላል የሚለው የሕግና የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ነው። ለቋንቋ ጥናት የሚቀረው ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል። ስም ከመመዝገቡ በፊት ማን፣ የት፣ ስለ ምን እንደሚለው ተጠንቷል ወይ? የጣሊያን ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ሞክሼ ስሞችና የአንድ ተክል ልዩ ልዩ መጠሪያዎች በጊዜ ሳይመረመሩ ሲቀሩ ክርክሩን የሚፈታው በውል ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የሚጎዳውም ቃሉን የፈጠረው ገበሬ። በአንጻሩ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰቡት የቀበሌኛ መዝገቦች፣ ጎደሎ ቢሆኑም፣ ዝርያዎችን ለመለየት እስከ ዛሬ ይጠቅማሉ።

በአፍሪካ ቀንድ የጤፍ፣ የማሽላ፣ የእንሰት፣ የቡናና የማር መጠሪያዎች ብዙዎቹ አሁንም በአፍ ላይ ናቸው። ከገበያው ቀድሞ የሚደርስ መዝገብ ካልተዘጋጀላቸው፣ አንድ ቀን የአፈር ስም የሚያገኙ ጥቂቶቹ ብቻ ይሆናሉ። ሌሎቹ ከጠፉ በኋላ ማሳውን ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ በማሳው ውስጥ ምን እንደ ነበረ የሚናገር ቃል ግን አይገኝም።